ዘጠኙ ለአብዱልሀሚድ፣ አሥረኛው ለእሳት

ጎሕ ሲቀድ መነሣት።
ዳዊት መድገም።
በሩን መክፈት፣ ደጁን መጥረግ።
የባትሪውን ውኃ ማየት።
የተቃጠሉትን ቫልቮላዎች በአመድ ማሸት፣ ማጠብ፣ ማድረቅ።
የመዳቡን ቅጠል በመቀስ መሰንጠቅ።
ክሩን በሸክላው ጎን ዘርግቶ ጫፍና ጫፉን መቆልመም።
ደጅ የቆመ መኪና ካለ መብራቱንና ጥሩንባውን መመርመር።
ቆሎ መቁላት።
በሩን መዝጋት።

ወልደአረጋይ ብርሃነ መስቀል በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ጠባሴ በተባለው ሰፈር፣ በደሴ መንገድ ዳር በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ይህን ሥራ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያዛንፍ ሠርቷል። በሰንበትና በበዓል ቀን ከዳዊቱና በሩን ከመዝጋቱ በቀር ሌላው ሁሉ ይቀር ነበር። ስለዚህ ሰንበት ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ይረዝምበት ነበር።

ቫልቮላ የጣት አንጓ የምታህል፣ ሁለት ጫፏ የሾለ ነጭ የሸክላ ፍሬ ናት። በጎኗ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስስ የመዳብ ክር ተዘርግቶባታል። የመኪናው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚህ ክር ነው። ከልክ በላይ የመጣ እንደ ሆነ ክሩ ቀድሞ ይቃጠልና መንገዱን ይዘጋል፤ ሽቦውና መኪናው ይተርፋሉ። የቫልቮላ ደግነቷ በመቃጠሏ ነው። አልቃጠልም ያለች ቫልቮላ መኪና ታስበላለች።

ጣልያን ጥሎት የሄደው አሮጌ የጭነት መኪና በሰሜን ሸዋ መንገዶች ላይ ገና ይሠራ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ለእርሱ የሚሆነው የሸክላ ቫልቮላ ከገበያ እየጠፋ ሄደ። አዲስ አበባ ተፈልጎ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ሾፌሮች የሲጋራ ብር ወረቀት እየጠቀለሉ፣ ሚስማርም እየሸጎጡ ይነዱ ጀመር። ወልደአረጋይ ግን እንዲህ ያለውን መኪና በደጁ አያቆምም ነበር። የተቃጠሉትን ሸክላዎች ከየጋራዡ ለቅሞ፣ ከአሮጌ ራዲያተር ፈልቅቆ ባወጣው የመዳብ ቅጠል አዲስ ክር እየገጠመ፣ እንደ ቀድሞ አድርጎ ይመልሳቸው ነበር። ከዚያም ከየአሥሩ አንዷን ያቃጥላል። በሳንቃ ላይ አራት የመኪና አምፖሎች ደርድሯል። ቫልቮላዋ ሁለቱን አምፖሎች ያለ ችግር እንድትሸከም፣ አራቱ ሲበሩ ግን እንድትቃጠል ይጠበቅባታል። አሥረኛዋ በልኳ ከተቃጠለች፣ ከአንድ ቅጠል የተቆረጡት ዘጠኙ እህቶቿ ይታመናሉ። ይህን ልማዱን «አሥራት» ይለው ነበር።

ከአሥር አንዱን ለእግዚአብሔር ማውጣትን፣ አሥራትን፣ የተማረው ከአባቱ ቤት ነው። አባቱ መርጌታ ብርሃነ መስቀል አንኮበር ውስጥ ዜማ ያስተምሩ ነበር። ልጃቸው ጾመ ድጓውን ከዘለቀ በኋላ፣ ጣልያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ ወርዶ ከአንድ አገሩ ያልተመለሰ የጣልያን ኤሌክትሪክ ሠሪ ዘንድ ተቀጠረ። ወሬው አንኮበር ሲደርስ መርጌታ፣ «ከእኛ ቤት ብረት የሚቀጠቅጥ አልተወለደም» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ስሙን አልጠሩም። ሚስቱ ለተጊዮርጊስ በ1947 ዓ.ም. በወሊድ ሞተችበት፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ከለተጊዮርጊስ ጋር ማኅበሩም ሄደ። የማኅበር ተራ የሚያወጣ ሰው ጠላ የሚጠምቅለት ያስፈልገዋል፤ ወልደአረጋይ አንድ ጊዜ ጠላ ገዝቶ ቢያቀርብ ማኅበርተኞቹ ሳይናገሩ እየተያዩ ጠጡ። በሚቀጥለው ወር አልሄደም፤ ጠያቂም አልመጣም።

ከጳጉሜን 1951 ዓ.ም. በፊት አብዱልሀሚድ ዓወል ለእርሱ ከደንበኞቹ አንዱ ብቻ ነበር። አብዱልሀሚድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው። ጥጥና በርበሬ ከቆላ በግመልና በበቅሎ አስወጥቶ፣ ከአንኮበር በሁለት አሮጌ መኪናዎቹ ወደ ደብረ ብርሃን ያመጣል። የዘመን መለወጫ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው መጥቶ ዘጠኝ ቫልቮላ ገዛ። ወልደአረጋይ የዚያን ቀን አሥር ሠርቶ ነበር። አሥረኛዋን ወደ ሳንቃው ሊወስዳት ሲያነሣ፣ አብዱልሀሚድ እጁን ዘረጋ።

«በዓል አይደለም እንዴ፣ መርጌታ? ምርቃት የለውም?»

መርጌታ የሚለው ለቀልድ ነው። ወልደአረጋይም በገበያ ወግ ምርቃት መከልከል ነውር መሆኑን ያውቃል። ፈገግ ብሎ አሥረኛዋን በዘጠኙ ላይ ጨመረለት። ያን ዕለት አሥራት ሳይወጣ ቀረ።

የመዳቡ ቅጠል ከወትሮው ከሌላ ራዲያተር የወጣና ወፈር ያለ ነበር። ዓይን አይለየውም፤ እሳት ግን ይለየው ነበር። በጳጉሜን አምስት ማታ ጥጥ የጫነው መኪና ከአንኮበር ወጥቶ ዳገቱን ሲያያዝ፣ የፊት መብራቱ ሽቦ ተላልጦ ከብረት ጋር ተነካካ። ቫልቮላው አልተቃጠለም፤ ሽቦው ነደደ። ሾፌሩ ገብረ ሕይወት ዘሎ ተረፈ። ጥጡና የመኪናው ጋቢና እስኪነጋ ድረስ ሲጤሱ አደሩ።

ወልደአረጋይ ወሬውን በሰማ ጊዜ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ተጉዞ ከቦታው ደረሰ። አመዱን በእጁ ጫረ። ያገኛት ቫልቮላ ሸክላዋ ከስሏል፤ ክሯ ግን ሳይበጠስ እንዳለ ነው። ሁሉ ሲቃጠል ያልተቃጠለችው እርሷ ብቻ ነበረች። ማንም አላየውም። ወደ ገደል ቢወረውራት ነገሩ ከአሮጌው ሽቦ ላይ ተላክኮ ይቀር ነበር። በመሐረቡ ቋጥሮ ወደ አልዩ አምባ ወረደና በአብዱልሀሚድ መዳፍ ላይ አኖራት።

«መኪናህን ያቃጠልሁት እኔ ነኝ» አለው።

ጉዳዩ በሽማግሌ ታየ። ከደብረ ብርሃን ባሻ ወልደ ሰንበት፣ ከአልዩ አምባ አንድ አረጋዊ ሼህ ተቀመጡ። በወጉ መሠረት ባሻ፣ «ለፈጣሪ ስትል?» ብለው ጠየቁ፤ አብዱልሀሚድ፣ «ግማሹን ለአላህ ብዬዋለሁ» አለ። «ለእኛ ለሽማግሎቹስ?» አሉት፤ «ከቀረው ግማሹን ለእናንተ» አለ። የተረፈውን ግን በዳዩ የሚከፍልበት ጥሪት አልነበረውም። ስለዚህ በእጁ ሥራ እንዲከፍል ተወሰነ፤ በየወሩ ዘጠኝ ቫልቮላ፣ ለስልሳ ወር፣ ድምሩ አምስት መቶ አርባ። ሼሁ አንድ ነገር አከሉበት።

«ይህን ጥፋት ያመጣው ያልተቃጠለው አሥረኛው ነው። ከእንግዲህ አሥረኛው በባለንብረቱ ዓይን ፊት ይቃጠል። አብዱልሀሚድ በወኪል አይቀበል፤ ራሱ መጥቶ ይይ።»

ፍርዱ ለቅጣት የተሰጠ ነበር። ከጥቅምት 1952 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ለወልደአረጋይ ሌላ ነገር ሆነለት። በየወሩ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ለራሱ ጉዳይ ሳይሆን እርሱን ብሎ የሚመጣ አንድ ሰው አገኘ።

አብዱልሀሚድ በአሮጌ የባትሪ ሣጥን ላይ የሱፍ ባናውን ተከናንቦ ይቀመጣል። የደብረ ብርሃን ብርድ ለቆላ ሰው አይመችም።

«እዚህ አገር ሰው የሚኖረው ንስሐ ተሰጥቶት ነው?» ይላል።

«አንተን ማን አምጣ አለህ? ተፈርዶብህ ነው» ይለዋል ወልደአረጋይ።

«ወላሂ የተፈረደው ባንተ ላይ መስሎኝ ነበር።»

አብረው ሥጋ እንዳይበሉ ሃይማኖት ለይቷቸዋል፤ የገብስ ቆሎና ሻይ ግን የሁሉም ነው። በረመዳን ቆሎውን አብዱልሀሚድ በመሐረብ ቋጥሮ ይወስዳል። አሥረኛዋ ቫልቮላ ሁለቱን አምፖሎች ተሸክማ እያበራች ሁለቱም ይጠብቃሉ። ይህ መጠበቅ የጨዋታቸው ጊዜ ነው። ስለ ጥጥ ዋጋ፣ ስለ ግመል ክፋት፣ ስለ አብዱልሀሚድ ልጅ ስለ መሊካ ሠርግ ይነጋገራሉ። አንድ ጊዜ ወልደአረጋይ፣ የለተጊዮርጊስን ስም ለሰው ካነሣ ሰባት ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ቆሎ ስትቆላ ትዘፍን እንደ ነበር ተናገረ። አብዱልሀሚድ ቆሎውን ቆርጠም አድርጎ፣ «ይህ ደግሞ ያለ ዘፈን የተቆላ መሆኑ ያስታውቃል» አለ። ወልደአረጋይ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አምፖሎች ይጨመራሉ፤ ክሩ ይቀላል፤ ጠሽ ብሎ ይበጠሳል፤ ክፍሉም ይጨልማል።

«አንዱ ሄደ» ይላል አብዱልሀሚድ። ዘጠኙን በጨርቅ ጠቅልሎ ይነሣል።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ አምፖሎች የሚበሩት አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ማለት አሥር መዝሙር፣ በሚደገምበት ጊዜ ልክ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሁለት ንጉሥ ሆነ። በአምስተኛው ዓመት ባትሪው ሊደክም እስኪቃረብ ይበሩ ነበር። ወልደአረጋይ ይህን ለጥንቃቄ ያደረገው መሆኑን ለራሱ ነግሮ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. አብዱልሀሚድ በንዳድ ታምሞ ሦስት ወር ሳይመጣ ቀረ። ተሽሎት ሲመጣ የቀሩት ሦስት አሥራት ከዚያ ወሩ ጋር በአንድ ቀን ተቃጠሉ፤ ሠላሳ ስድስት ቫልቮላም ተረከበ። ሰውነቱ ገና እየተንቀጠቀጠ ነበርና ያን ቀን በኋላ አላስታወሰውም። ወልደአረጋይ ግን ቁጥር አይስትም። የተቃጠሉትን አሥራቶች በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ያኖራቸው ነበር፤ በመስከረም 1957 ዓ.ም. በመጀመሪያው ቅዳሜ ስልሳኛዋ ገባች።

አብዱልሀሚድ ዘጠኙን ጠቅልሎ ጉልበቱን እያሸ ተነሣ። ጉልበቱ ከክረምቱ ወዲህ ክፉኛ ያመው ነበር።

«ያ የታመምሁበት ሦስት ወር ባይኖር ኖሮ ዛሬ መጨረሻችን ነበር» አለ። «እንግዲህ እስከ ታኅሣሥ ነው። ሦስት ቀረን አይደል?»

ወልደአረጋይ የአምፖሎቹን ሽቦ ይጠቀልል ነበር። መጠቅለሉን ቀጠለ።

«በደኅና ግባ» አለው።

ውሸት አልተናገረም፤ እውነቱንም አልተናገረም። በዚያ ወር ውስጥ ዳዊቱን ሲደግም ቃሉ ከአፉ ይወጣል እንጂ ልቡ አይከተለውም ነበር። ሦስት ቅዳሜ ማንን ይጎዳል ብሎ ተከራከረ። መልሱን ሳያገኝ አሥር ቫልቮላ ሠራ።

በጥቅምት የመጀመሪያ ቅዳሜ ሲጠብቅ ዋለ። አብዱልሀሚድ የደረሰው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። በምርኩዝ እያነከሰ ነበር፤ ቀሚሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶታል።

«መኪናህ የት ቆመ?» አለ ወልደአረጋይ።

«የምን መኪና?» አብዱልሀሚድ በሣጥኑ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ሁለቱንም በግንቦት ሸጥኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ በሰው መኪና ነው የምመጣው፣ አላየህም እንጂ። አንዱ ደነባ ሄደ፤ አንዱን ለሚ ከተማ ያለ ሰው ወሰደው። የገዟቸውም ሰዎች ውስጣቸውን በሌላ ሽቦ አስለውጠዋል፤ አሁን የመስተዋት ቫልቮላ ነው የሚጎርሱት።»

«ታዲያ በምን መጣህ?»

«ከአልዩ አምባ እስከ አንኮበር በበቅሎ፤ እዚያ አደርሁ። ከዚያ የሰው ጭነት ላይ ተንጠልጥዬ። ያውም ግማሽ መንገድ ላይ ተበላሸና በእግሬ ወጣሁ። ሻይህ የለም?»

ወልደአረጋይ ሻዩን አልቀዳም።

«ከግንቦት ወዲህ የወሰድሃቸውን ቫልቮላዎች ምን አደረግሃቸው?»

«በጆንያ ተቀምጠዋል። ምን አደርጋቸዋለሁ? ሰሊሃ እንኳ፣ ሚስቴ፣ 'የአህያ ጥርስ ታከማቻለህ' ትለኛለች።»

«የማይጠቅምህ ከሆነ ለምን መጣህ?»

አብዱልሀሚድን ነገሩ የሚጠየቅ መሆኑ አስገረመው።

«ሽማግሌ ፈርዶ! ካልመጣሁ ዕዳህን ናቅሁት ማለት አይደለም? አንተ ያችን የከሰለች ቫልቮላ ይዘህ አልዩ አምባ ድረስ ወርደህልኛል። እኔ በጉልበቴ አሳብቤ በፍርድህ ላይ ልቅር? ሁለት ወር ነው የቀረው፤ እችለዋለሁ። በል አብራው።»

ሳንቃው በመካከላቸው ነበር፤ አሥረኛዋም በቦታዋ ተሰክታ ነበር። ወልደአረጋይ ቆርቆሮውን አውርዶ የተቃጠሉትን አሥራቶች በሳንቃው ላይ ዘረገፈ፤ በአሥር በአሥሩም ደረደራቸው። ስድስት ረድፍ ሆኑ።

«ስልሳ ናቸው» አለ። «በታመምህበት ጊዜ የቀሩት ሦስቱ በኋላ በአንድ ቀን ተቃጥለዋል፤ አንተ ረስተኸዋል። ዕዳው ያለፈው ወር አልቋል። ሳውቅ ዝም ያልሁህ እኔ ነኝ።»

አብዱልሀሚድ ረድፎቹን ሁለት ጊዜ ቈጠረ። ፊቱ ከበደ።

«ሁለት ቀን ተጉዤ ነው የመጣሁት» አለ ቀስ ብሎ። «በዚህ ጉልበት።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ብታውቅ አታደርገውም ነበር። ቫልቮላ ፈልገህ እንዳይሆን ሠሪው አንተ ነህ። ገንዘብ እንዳይሆን የምትሰጠው አንተ ነህ። ምን ፈልገህ ነው?»

ወልደአረጋይ ወደ ምድጃው ተመለከተ። ምጣዱ ላይ የሁለት ሰው ቆሎ ነበር።

«ቆሎው ይተርፈኛል» አለ።

አብዱልሀሚድ ወደ ምጣዱ ዞረ። ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ተወው፤ ሊስቅም አልሆነለትም። በመጨረሻ ቆሎውን ሳበና አንድ እፍኝ ዘገነ። ወልደአረጋይ ሻይ ቀዳ። አምፖሎቹ አልበሩም፤ በጨለማው ውስጥ የቆሎው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ያን ሌሊት አብዱልሀሚድ እንደ ልማዱ ዘጠኙን በጨርቅ ጠቅልሎ ከከተማው ነጋዴዎች ዘንድ ሄዶ አደረ። ወልደአረጋይ አልጋውን ሊለቅለት አስቦ ነበር፤ ግን እንዴት ብሎ እንደሚጀምር ሳያውቅ ሰውየው ወጣ።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዕዳውን ማለቅ ለማስመስከር በባሻ ወልደ ሰንበት ደጅ ተገናኙ። ሼሁ ከዚህ ዓለም ስለ ተለዩ ባሻ ብቻቸውን ተቀመጡ። አብዱልሀሚድ ስለ መስከረሙ ዝምታ አንድ ቃል አልተናገረም። የሚናገረው መስሎት ወልደአረጋይ ራሱ ሊናዘዝ ሲነሣ፣ «ተቀመጥ፤ ይህ የተፈረደበት ነገር አይደለም» ብሎ አስቀመጠው። የጥቅምቱን ዘጠኝ ቫልቮላ ከጨርቁ ፈትቶ፣ «ይህ ከዕዳው ውጭ ነው» ብሎ መለሰለት። ወልደአረጋይ ተቀበለ።

«ወደ ቆላ ብትወርድ ቤቱ ቤትህ ነው» አለው አብዱልሀሚድ ሲለያዩ።

«እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አለ ወልደአረጋይ።

ሁለቱም ይህ የመሰናበቻ ወግ መሆኑን ያውቁ ነበር። ወልደአረጋይ ቆላ አልወረደም፤ አብዱልሀሚድም ደጋ አልወጣም። በኅዳር የመጀመሪያ ቅዳሜ ወልደአረጋይ አንድ እፍኝ ገብስ ብቻ ቆላ።

ባሻ ወልደ ሰንበት በዚያ እሑድ በምስክሮች ፊት የተናገሩት ቃል የሚከተለው ነው፦ ወልደአረጋይ ብርሃነ መስቀል ለአብዱልሀሚድ ዓወል ሊከፍል የተፈረደበትን አምስት መቶ አርባ ቫልቮላ በስልሳ ወር ውስጥ አስረክቧል። አብዱልሀሚድ መቀበሉን አምኗል። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል።